የሚጠብቅህ ሰው ነው ወይስ ፋይል?

አንድ ዓርብ ማታ የሆነ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ነገሩ ትልቅ አይደለም። ማንም አልታመመም፣ መኪናውም አልተገለበጠም። አንድ ፋይል አልሄድ አለኝ፣ በቃ። ግን ከዚያ ማታ በፊት ለኢንተርኔት ያፈሰስኩትን ገንዘብ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

በአርቪ፣ ማለትም ቤት በሆነ መኪና፣ መጓዝ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ የድምፅ ቅጂ እያረምኩ ለአሠሪዎቼ እልካለሁ። ባለቤቴ በኦንላይን ቋንቋ ታስተምራለች። ኢንተርኔት ከሌለ ሁለታችንም ሥራ ፈት ነን። የጉዞውን ነዳጅ የሚችለው ሥራው፣ ሥራውን የሚያቆመው ኔትወርኩ ነው።

ያን ቀን የአርቪ ማረፊያው ካምፕ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ገና መኪናውን ሳላቆም ስልኬን አየሁ። አራቱም የኔትወርክ መስመር ሞልቷል። እሰይ አልኩ። 900 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ነበረኝ፤ በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። ጊዜ አለኝ ብዬ ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መላክ ጀመርኩ። 2 በመቶ። 3 በመቶ። ከዚያ ቀጥ አለ። አቋረጥኩና እንደገና ጀመርኩ። 1 በመቶ። የሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ካምፑ ጢም ብሎ ሞልቷል። በየመኪናው መስኮት የስክሪን ብርሃን ይታያል። የእኔ ስልክ ላይ ግን አሁንም አራቱም መስመር ሙሉ ነው። ያናደደኝ እሱ ነው። ኔትወርክ የለም ቢለኝ እኮ አርፌ እቀመጥ ነበር።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። የካምፑን ዋይፋይ የአንድ ቀን ከፍዬ ገባሁ፤ እሱ ደግሞ ከእኔ ስልክ ባሰ። ውድ ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁትን የኔትወርክ ማጉያ አበራሁ። መስመሩ ድሮም ሙሉ ነው፤ ምን ይጨመርበት? በመጨረሻ መሰላሉን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ እንደ ሐውልት ቆምኩ።

ከጎናችን የቆመው መኪና ባለቤት አዛውንት ናቸው። ጣሪያቸው ላይ አንቴና የለም፣ ዲሽ የለም፣ ምንም የለም። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ እላይ ምን ጠፋህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ትንሽ አሰቡና፣ «የሚጠብቅህ ሰው ነው ወይስ ፋይል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እዚያ ማዶ ያለው ሰው አሁን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ እየጠበቀህ ነው? ወይስ ነገ ተነሥቶ የሚከፍተው ነገር ነው?»

«ነገ ጠዋት ነው የሚከፍቱት።»

«እንግዲያው ውረድና ተኛ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ላከው።»

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው አሳዩኝ። የቦታ ስም፣ ሰዓት፣ ፍጥነት። ሌላ ነገር የለውም። ለዚህ ካምፕ የጻፉት ሁለት መስመር ነው። ከምሽት አንድ እስከ አምስት፦ የለም። ከሌሊት ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት፦ በጣም ጥሩ።

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳቸውም። ለወግ ያህል ግን አላርም ሞላሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነሥቼ ስልኩን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩና ላክ የሚለውን ነካሁ። ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። ያው ስልክ፣ ያው ሲም ካርድ፣ ያው ቦታ። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ 100 በመቶ የሚለውን ቁጥር አፍጥጬ አየሁት። እንቅልፌም በዚያው ጠፋ።

አራት መስመር ምን ይናገራል?

መስመሮቹ ስለ ፍጥነት ምንም እንደማይነግሩኝ የገባኝ ያን ሌሊት ነው። የሚነግሩኝ የኔትወርክ ማማውን ድምፅ (ሲግናሉን) ስልኬ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ማማው ስንት ሰው እያስተናገደ እንደሆነ አይናገሩም። አንድ ማማ ያለችውን አቅም በዙሪያው ላሉት ስልኮች ሁሉ ያካፍላል። መቶ መኪና ፊልም ከከፈተ የእኔ ድርሻ ጠብታ ነው። ማጉያው ድምፅ ያጎላል እንጂ ወረፋ አያሳጥርም። ይህን ሳላውቅ ነበር የገዛሁት።

ማጉያ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ሰው በሌለበት፣ ማማው ሩቅ በሆነበት ቦታ ጉድ ያወጣል። ግን መጀመሪያ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ደካማ ኔትወርክ አንድ ነገር ነው፣ የተጨናነቀ ኔትወርክ ሌላ። አሁን መስመሮቹን ትቼ ቁጥሩን ነው የማየው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብቶ ስለ ስልኩ በሚለው ሥር የሲም ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል ነው። የሚወጣው ቁጥር ነጌቲቭ ነው፤ የሚለካው የሲግናል ጉልበት መለኪያ በሆነው በዲቢኤም ነው። -80 አካባቢ ከሆነ ድምፁ ጥሩ ነው። -115 አካባቢ ከሆነ ጭላንጭል ነው። በመሃል ያለው ልዩነት ደግሞ እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። አሥር ቁጥር በወረደ ቁጥር የሚደርሰን ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

ስለዚህ ቁጥሩ መጥፎ ከሆነ ችግሩ ርቀት ነው፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ከሞተ ችግሩ ወረፋ ነው። ለመጀመሪያው አንቴና ይረዳል። ለሁለተኛው የሚረዳው ወይ ሌላ ኔትወርክ ወይ ሌላ ሰዓት ነው። ሌላ ሰዓት ደግሞ ነፃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአርቪ ግድግዳ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ብረት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠን ነው ኔትወርክ የለም የምንለው። ስልኩን መስኮት ላይ አድርጎ ሆትስፖት መክፈት፣ ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ውስጥ ይዞ መግባት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ይህን ሳልሞክር ነበር ጣሪያ ላይ የወጣሁት።

የውጭ አንቴናም ገዝቼ አውቃለሁ። አንቴናው ደህና ነበር። ሞኝነቴ ኬብሉ ላይ ነው፤ ይረዝማል ብዬ ቀጭኑንና ረጅሙን ገዛሁ። አንቴናው የሰበሰበውን ኬብሉ በልቶ ጨረሰው። ኬብል አጭርና ወፍራም ሲሆን ነው ደጉ፤ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ ደግሞ ብክነቱ ይብሳል። አሁን ራውተሩን፣ ሲም ተቀብሎ ዋይፋይ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ራሱን አንቴናው ሥር አስጠግቼ ነው የምሰቅለው። ሁለት ወይም አራት አንቴና የሚቀበል ራውተር ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከማጉያው ይሻላል፤ ዘመናዊው ኔትወርክ በአንድ ጊዜ በብዙ አንቴና ነው የሚሠራው፣ የመኪና ማጉያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው የሚያልፈው። ማጉያ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ያልተፈቀደው ማማውን ስለሚረብሽ በብዙ አገር ያስጠይቃል።

የማያልቀው ፓኬጅ

የዚያን ሌሊት ሌላው ጥያቄ ይሄ ነበር። አንዳንዱ ሰው ያን ማታ ፊልሙን ሳይቆራረጥ ያይ ነበር። በመስኮቱ አይቻለሁ። እኔ ለምን?

መልሱን ያገኘሁት የፓኬጄን ጥቃቅን ጽሑፍ ሳነብ ነው። «ገደብ የለሽ» ይላል በትልቁ። በትንሹ ደግሞ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የእኔ መስመር ከሌሎች በኋላ ይስተናገዳል ይላል። ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። ወረፋ በሌለበት ሰዓት ግን ከኋላ መሆን ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ርካሹ ፓኬጅም ውዱም እኩል ናቸው። የሽማግሌው ደብተር ምስጢር ይኸው ነው፤ ርካሹን ገዝተው በውዱ ፍጥነት ይሠራሉ።

ሌላው ወጥመድ ሆትስፖት ነው። ስልኩ ላይ ገደብ የለሽ የሆነው ዳታ፣ ለላፕቶፕ ሲካፈል ብዙውን ጊዜ ገደብ አለው። ገደቡ ሲያልቅ አይቋረጥም፤ ኢሜይል እንኳ እስከሚሰለች ድረስ ይንቀራፈፋል። ፓኬጅ ስትመርጡ ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልጉ። የሆትስፖት ገደቡ ስንት ጊጋባይት ነው? ወደ ኋላ የሚገፉኝስ ስንት ከተጠቀምኩ በኋላ ነው? የቀረው ማስታወቂያ ነው።

እኛ ቤት ዳታው የሚያልቀው በሥራ አልነበረም። አንድ ወር ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ፊልም በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በፎርኬ እስከ 7። ጥርት ባለ ምስል የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። በድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ለአንድ ሰዓት ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስልክና ላፕቶፕ ደግሞ እኛ ሳናውቅ ራሳቸውን ያድሳሉ፣ ፎቶ ይሰቅላሉ። ይህን ሁሉ ዳታ ቆጣቢ የሚለውን በማብራት ማስቆም ይቻላል፤ ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩን የሚቆጠር ኮኔክሽን (metered connection) ነው ብሎ መንገር ነው። ካርታና ፊልም በነፃ ዋይፋይ አስቀድሞ ማውረድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ለዚህ የሚስተካከለው የለም፤ ጸጥታ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ሶኬት አለ፣ የሚያስገድድህ ግዢ የለም። ሳምንት በሳምንት አንድ ከሰዓት እዚያ እንውላለን።

የካምፕ ዋይፋይ ላይ ብዙ አልልም። አንዲት መስመር ለሁሉም ትከፋፈላለች። ሌሊት ይሠራል፣ ማታ አይሠራም። ሳይከፍሉ በፊት መሞከር ነው።

ሁለት ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? የአርቪ ኢንተርኔት ዋናው ሕግ ይሄ ነው። አንድ ኩባንያ በሌለበት ሸለቆ ሌላው አለ። ስለዚህ እኔም ሁለተኛ ሲም ገዛሁ። ከሌላ ኩባንያ፣ ያውም ርካሽ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሲም ኔትወርክ ባጣበት ቦታ ሁለተኛውን አበራሁ። እሱም የለም። በሌላ ቦታም እንዲሁ። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ኋላ ሳጣራ ሁለተኛው ኩባንያ የራሱ ማማ የለውም። ከመጀመሪያው ኩባንያ አቅም ገዝቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ነው። ሁለት ባላ ተከልኩ ያልኩት አንዱን ባላ ሁለት ቀለም ቀብቼው ኖሯል።

እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ርካሽ ስለሆኑ አልጠላቸውም፤ ዛሬም አንዱን እጠቀማለሁ። ጥያቄው ብቻ «በማን ማማ ነው የምትሠሩት?» የሚለው ነው። ሁለቱ ሲሞች የሚጋልቡት የተለያየ ማማ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ወርኃዊ ይሁን፤ ሌላው ሲያስፈልግ ብቻ የሚሞላ ቅድመ ክፍያ። ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም፣ የሚቀበል ስልክ ካለ ደግሞ ሱቅ መሄድ የለም፤ ኮድ ስካን አድርጎ መግባት ነው። ይህን ግን ኔትወርክ እያለ መሥራት ነው። ኢሲም ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ጫካ ገብቼ ነው የተማርኩት።

ላም አለኝ በሰማይ

ሳተላይትስ? ለረጅም ጊዜ የሳተላይት ኢንተርኔት ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነበር። አሮጌዎቹ ሳተላይቶች የሚቆሙት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መልሱም ይወጣል፣ ይወርዳል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘም ያ ሁሉ መንገድ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ፋይል ግማሽ ሰከንድ አይገደውም። ሰው ግን በየአረፍተ ነገሩ ሲጋጭብህ ይሰለቻል።

ስታርሊንክ የሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ነገሩን የለወጠው ሳተላይቶቹን ወደ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ በማውረዱ ነው። የመጀመሪያዎቹን 60 ሳተላይቶች በ2019 እ.ኤ.አ. አመጠቀ፤ በ2022 ለአርቪ ተጓዦች የሚሆን አገልግሎት ጀመረ። መዘግየቱ ከስልክ ኔትወርክ ብዙም አይለይም። ማማ በሌለበት ምድረ በዳ የቪዲዮ ጥሪ ማድረግ ማለት ነው።

ግን ከወር ክፍያው ሌላ ዋጋው መብራት ነው። መደበኛው ዲሽ ሲሠራ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። 75 ነው እንበል። አሥር ሰዓት ቢበራ 750 ዋት-ሰዓት ነው። በየመኪናው ያለው የተለመደ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1,200 ነው። የድሮው ዓይነት ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ ሳይጎዳ ማውጣት የሚቻለው ግማሹን ነው፤ 600። ዲሹ ብቻውን ይህን ጨርሶ ገና ይጎድለዋል። ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ የውኃ ፓምፑ ገና አልተቆጠሩም። በ2024 የወጣው ትንሹ ዲሽ ከ25 እስከ 40 ዋት ነው የሚወስደው፤ ለሶላር ኑሮ እሱ ይቀላል። ዲሽ የሚገዛ ሰው የሶላሩንና የባትሪውን ወጪ ካልደመረ ራሱን እያታለለ ነው።

እኔ በበኩሌ ዲሽ አያስፈልገኝም ብዬ ወስኛለሁ። ሥራዬ ፋይል ነው። ሁለት ሲም፣ አንድ ራውተር፣ አንድ ደብተር። የወር ወጪዬ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ወርዷል።

እሷን ግን የሚጠብቃት ሰው ነው

ይህን ሁሉ ጥበብ ለባለቤቴ ስተነትንላት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ተማሪዎቼን ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ልቀስቅሳቸው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሽማግሌው ጥያቄ ሁለት መልስ እንዳለው ረስቼ ኖሯል። እኔ ግማሹን ብቻ ይዤ ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ነበር። የእሷ ትምህርት በሳምንት አራት ቀን፣ ያውም በምሽት ነው። ማማው በሚጨናነቅበት ሰዓት። አንድ ተማሪ «አልተሰማኝም፣ ይድገሙልኝ» ሲላት ፊቷ ላይ የሚታየውን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ያለ ወጪ ሞከርን። በምሽት ከካምፕ ወጥተን ሰው በሌለበት መንገድ ዳር ቆመን ታስተምር ነበር። ቪዲዮውን አጥፍታ በድምፅ ብቻም ሞከረች፤ ለአዋቂዎቹ ሠራ፣ ለልጆቹ አልሆነም። አፏን ሳያዩ ቃሉን እንዴት ይያዙት? በመጨረሻ ትንሹን ዲሽ ገዛን። የምታስተምርባቸውን ወሮች እንከፍላለን፣ በእረፍቷ ወራት አገልግሎቱን እናቋርጣለን። እኔ ፋይሎቼን ዛሬም በሌሊት በሲም ነው የምልከው። እልህ ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል።

ዲሹ የራሱ ጠባይ አለው። ሰማዩን ገልጦ ማየት ይፈልጋል። ቅርንጫፍ ከጋረደው በየደቂቃው ይቆራረጣል፤ ሶላሩም እንዲሁ ጥላ አይወድም። እኔ ደግሞ የዛፍ ጥላ ሳይ ነው መኪና የማቆመው። ትናንት ከሰዓት አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁሜ፣ ወንበሬን ዘርግቼ፣ ገና ጫማዬን ሳወልቅ ከውስጥ ድምፅዋ ተሰማ።

«አንድ ሃያ ሜትር ወደ ፊት ታስጠጋልኝ? አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ።»

ጫማዬን አጠለቅኩና ወደ መሪው ሄድኩ።